የመተማ መንገድና የሁለት መንግሥታት ድካም

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጃችን ለታሪክ ሠልጣኞች ከሚቀርቡት የፈተና ጥያቄዎች መካከል ከዓመት ዓመት የማይጠፋ አንድ አለ፤ ይኸውም «የምዕራብ ሮማ መንግሥት የወደቀው መቼ ነው?» የሚል ነው። የሚጠበቀው መልስ እ.ኤ.አ. 476 ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመተማ ቆላ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ይህንኑ በትክክል ከመለሰ በኋላ በወረቀቱ ግርጌ «የጎንደርስ መቼ ነው?» ብሎ ጽፎ ተገኘ። ለዚህ የተመደበ ነጥብ ስላልነበረ አራሚው ዝም ብሎ አልፎታል። አራሚው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነበር።

ጥያቄው ግን በመርሐ ትምህርታችን ላይ ያለውን አንድ ጉድለት የሚያመለክት ሆኖ ስላገኘሁት በኋላ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ስለ ጥንታውያን መንግሥታት መነሣትና መውደቅ ስናስተምር ምሳሌዎቻችን ከሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ የተቀዱ ናቸው። ለውድቀታቸው የሚሰጠውም ምክንያት በአብዛኛው የምግባር መበላሸት፣ የቅንጦት መብዛትና የባዕድ ወራሪ መምጣት ነው። ተማሪውም ስለ ዛሬው ኅብረተሰብ ችግር ሲጠየቅ ይህንኑ ይደግማል። ከመተማ ላይ ሆኖ ታሪክን ለሚመለከት ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይታይም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ሮማ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ476 ኦዶአከር የተባለው የጦር አለቃ ከዙፋን ያወረደው ሮሙሉስ አውግስቱሉስ ገና ልጅ ነበር፤ ዙፋኑንም ያገኘው በአባቱ የጦር ኃይል ነው። ከእርሱም በፊት ሪኪመር የተባለ የጦር አዛዥ ለብዙ ዓመታት ነገሥታትን ሲሾምና ሲሽር ኖሯል፤ ራሱ ግን ዘውድ አልጫነም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የሚሸመድዱት ዓመት የሞቱ ሳይሆን የመርዶው ዓመት ነው ለማለት ይቻላል።

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው፣ በመተማ አልፎ ወደ ስናር የሚዘልቀው የነጋዴዎች መንገድ በሁለት ጫፎቹ ሁለት መንግሥታትን ያገናኝ ነበር። በአንደኛው ጫፍ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ጎንደር ነበረች። በሌላው ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1504 የተመሠረተው የፉንጅ መንግሥት መናገሻ ስናር ነበረች። ቡናው፣ ሰሙ፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ጥጡ፣ እንዲሁም ሳናፍር ልናስተምረው የሚገባን የባሪያ ንግድ በዚሁ መንገድ ይተላለፍ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ተዋግተዋል። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ወደ ስናር ዘምተው በዲንደር ወንዝ አጠገብ ድል ሆኑ። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይሄዱ የነበረው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ሳይቀር ተማረከና በኋላ በቤዛ ተመለሰ።

ድል አድራጊው የስናር ንጉሥ ባዲ አራተኛ ግን ድሉ አልጠቀመውም። ወደ ኮርዶፋን የላከው ጦር በመሐመድ አቡ ልካይሊክ አዛዥነት በዚያ ድል አደረገ፤ አዛዡም በዚያው ተደላድሎ ኃይሉን አደራጀ። በመጨረሻም በ1754 ዓ.ም. ገደማ ጦሩን ይዞ ወደ ስናር ተመለሰና ባዲን ሽሮ ሌላ ንጉሥ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የፉንጅ ነገሥታት ስም ብቻ ሆኑ፤ ሥልጣኑ የሐመጅ ሹማምንት ሆነ። ከሰባት ዓመት በኋላ በግንቦት 1761 ዓ.ም. በጎንደር ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ፤ በምትካቸውም ሽማግሌውን ዳግማዊ ዮሐንስን፣ እርሳቸውም ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሞቱ ልጃቸውን ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ዘመነ መሳፍንት የምንለው ከዚህ ይጀምራል።

በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ላይ፣ በሰባት ዓመት ልዩነት፣ አንድ ዓይነት ነገር ተፈጸመ። ጄምስ ብሩስ የተባለው እስኮትላንዳዊ መንገደኛ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ በራስ አል ፊል በኩል ወደ ስናር ስለ ወረደ ሁለቱንም በዓይኑ ተመልክቷል። ልብ ልንለው የሚገባን በሁለቱም ቦታ ዘውዱ እንዳልተነካ ነው። ሥርዓቱ፣ ማዕርጉና ማኅተሙ በየቦታው ነበሩ። የተለወጠው ግብሩን የሚሰበስበውና ጦሩን የሚያዘው እጅ ነው። ስናርን የወረረው የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል በሰኔ 1813 ዓ.ም. ሲደርስ የሐመጁ መሪ አስቀድሞ በራሱ ወገኖች ተገድሎ ነበር፤ የመጨረሻው ንጉሥ ባዲ ስድስተኛም ሳይዋጋ እጁን ሰጠ። ስለዚህ ወራሪው የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ ላይ ሠልጣኞቻችን በተገቢው መንገድ «ታዲያ ጎንደር ለምን እንደ ስናር አልጠፋችም?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት የሚያዋጣ አይመስለኝም። የግብፅ ጦር በዓባይ ተከትሎ ወደ ስናር ለመድረስ ቀላል ነበር፤ ወደ ደጋው መውጣት ግን ቀላል አልነበረም። ይህ ዳገት ለጎንደር የሰጣት ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። ስናር ከወደቀችበት ከ1813 ዓ.ም. አንሥቶ ዘመነ መሳፍንት እስካበቃበት እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ 34 ዓመት አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቋራው ካሣ ኃይሉ በዚሁ ቆላ ተነሣ። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ የመድፍንና በሥርዓት የሠለጠነ ጦርን ጉልበት ያየው በዚያ ነው። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የሠሩትን ብዙ ነገር ካልተረዳነው በዚህ ሽንፈት በኩል ብንመለከተው ይገለጥልናል። የመማሪያ መጻሕፍት ደባርቂን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ትክክል አይመስለኝም።

መተማ በተማሪው ዘንድ የታወቀችው ግን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው፤ ይህ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። ዐፄ ዮሐንስ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በማህዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር በግዛታቸው እንዲወጣ ፈቀዱ። ትርፉ ግን የማህዲስቶች ጠላትነት ሆነ፤ ምጽዋም በ1877 ዓ.ም. በእንግሊዝ ፈቃድ ለኢጣልያ ተላለፈች። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን አጠቁ፤ በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ በሣር ውኃ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ለአቡ አንጃ በጻፉት ደብዳቤ ሁለቱ ወገኖች የጋራ ጠላታቸው አውሮፓዊው እንደ ሆነ አሳስበው ነበር። የተመለሰላቸው ግን ንቀት ነው። መጋቢት 1 ቀን በመተማ ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ጦር ካዘነበለ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ቆሰሉ ሠራዊቱ ተበተነ። በዚያው ሰሞን የከብት እልቂትና ክፉ ቀን በዚህ ወገን፣ ብርቱ ረኃብም በሱዳን ሆነ። ኢጣልያ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ አወጀች፤ የማህዲስቶቹም መንግሥት በነሐሴ 1890 ዓ.ም. በካራሪ በእንግሊዝ መትረየስ ተደመሰሰ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጋላባትንና መተማን በሚያገናኘው በር ተሻገሩ፤ ብዙዎቹ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ገቡ። የተዋጉት የሀገሪቱ መደበኛ ጦርና መንግሥት ራሱ በምዕራብ ለደረሰበት ዐመፅ መሣሪያ አድርጎ ያሳደገው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ናቸው። የአቡ ልካይሊክን ታሪክ ያነበበ መምህር መደነቁ አይቀርም። ሆኖም ምስስሉን ከዚህ በላይ መግፋት አደገኛ ነው። የዛሬው ጦርነት የውጭ መሣሪያና ገንዘብ አለበት፤ የሚያፈናቅለውም ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል። ታሪክ ራሱን ይደግማል የሚለውን አባባል በክፍል ውስጥ ባንጠቀምበት እመርጣለሁ። ሊነጻጸር የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ስሙን የያዘውና ሥራውን የያዘው እጅ መለያየታቸው ነው።

ይህ መለያየት በጦር ብቻ የሚታይ አለመሆኑን ለዕቅድ ባለሙያዎች ላስታውስ እወዳለሁ። ከዓመታት በፊት በቆላው ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለጉብኝት ተልኬ ነበር። በመዝገቡ ስምንት የክፍል ደረጃዎች ተመዝግበዋል፤ ሲማሩ ያገኘኋቸው ግን አምስት ናቸው። ልዩነቱን ለላከኝ ጽሕፈት ቤት ባመለክት ሰንጠረዡ አስቀድሞ ስለ ተላለፈ እንዳለ ይቆይ ተባለ። እኔም ፈረምሁ።

ባለፈው ሴሚስተር የሮማን ጥያቄ አንሥተን በምትኩ ለሠልጣኞች አንድ መልመጃ ሰጠን። ጎንደርን፣ አይከልን፣ ገንዳ ውኃን፣ መተማን፣ ጋላባትንና ስናርን የሚያገናኘውን መንገድ በወረቀት ስለው፣ ለ1736፣ ለ1761፣ ለ1813፣ ለ1840ና ለ1881 ዓ.ም. በየረድፉ በየቦታው ንጉሥ የተባለውን ሳይሆን ቀረጡን የሚሰበስበውን እንዲጽፉ ነው። ብዙዎቹ በ1761 ረድፍ ላይ ከጎንደር አንጻር ሁለት ስም ጽፈው፣ የትኛውን እንደሚሰርዙ ሲከራከሩ ሰዓቱ አልቆባቸዋል።