ከጄኔቭ እስከ ቡሬ፦ የሎሬንሶ ታእዛዝ ሙግትና የጎጃም ማስረጃ

ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት በጄኔቭ ሲሰበሰብ የቀረበለት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ኢትዮጵያ በማን እጅ ናት? የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ሃሊፋክስ የኢጣሊያ ገዥነት የተፈጸመ ነገር ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ መንግሥት ዕውቅና ለመስጠትም ለመንፈግም ነጻ ይሁን ሲሉ ተከራከሩ። የንጉሠ ነገሥቱን መልስ በጉባኤው ፊት ያነበቡት ሎሬንሶ ታእዛዝ ነበሩ። በዚያው የበልግ ወራት ጄኔራል ካቫሌሮ ጎጃምን ለማስገበር ሰፊ ዘመቻ ከፍቶ ይዋጋ ነበር። ገብሯል በተባለ አገር ላይ ያን ያህል ጦር የሚዘምትበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በአዳራሹ ውስጥ አጥብቆ የጠየቀ ኃያል መንግሥት አልነበረም። ሎሬንሶ በቀጣዩ ዓመት ምላሹን ፍለጋ ራሳቸው ጎጃም ገቡ። የዚህ መጣጥፍ ትኩረትም ይኸው ጉዞ ነው።

ሎሬንሶ በ1892 ዓ.ም. በአካለ ጉዛይ ተወለዱ። ከቅኝ ግዛቷ ኤርትራ ወጥተው ከራስ ተፈሪ፣ ከኋለኛው ንጉሠ ነገሥት፣ ጋር ከተገናኙ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተልከው በሞንፔሊዬ ሕግ ተማሩ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ተኩስ በተከፈተበት ሰሞን በድንበር ኮሚሽኑ ውስጥ ያገለግሉ ነበር። እንግዲህ ጦርነቱን ያወቁት ከወረቀት አይደለም፤ ሰበብ ሲፈለግለት በቅርብ አይተዋል።

በኢትዮጵያ በኩል የቆሙ የሕግ ምሁር እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። የፓሪሱ ፕሮፌሰር ጋስተን ዤዝ በወልወል የግልግል ክርክር የኢትዮጵያ ጠበቃ ሆነው በመቆማቸው በ1928 ዓ.ም. የቀኝ አክራሪ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በጩኸት አስተጓጎሉባቸው፣ ከሥራ ይባረሩ ብለውም አመጹ። የግልግል ጉባኤው ነሐሴ 1927 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ለወልወሉ ግጭት ሁለቱንም ወገን ተጠያቂ አላደረገም። የኢጣሊያ ወረራ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተጀመረ። ዤዝ ክብራቸውን አስይዘው የቆሙለት ሙግት ጠንካራ ነበር፤ የጎደለው እርሱን የሚያስፈጽም ክንድ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በአማርኛ ያሰሙት ንግግር ሲዘጋጅ የሎሬንሶ እጅ እንደነበረበት የታወቀ ነው። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኩት ሞከሩ፤ ዓለም አደነቀው፤ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ግን በሐምሌ ተነሣ። እንግሊዝም ሚያዝያ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ከሮም ጋር የተፈራረመችውን ስምምነት በኅዳር 1931 ዓ.ም. በሥራ ላይ አውላ የኢጣሊያን ገዥነት በሕግ አወቀች። ዕውቅና ከነፈጉት ጥቂት አገሮች መካከል ሜክሲኮ፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ይገኙበታል። ከዚህ በኋላ የቃል ኪዳኑን አንቀጾች መደጋገም ብዙም አይፈይድም ነበር። የዕውቅና ሰጪዎቹ መከራከሪያ ሕጉን አልነካም፤ ያረፈው በምድር ላይ ባለው ሁኔታ ላይ ነው። እርሱን ለማፍረስ ደግሞ ምድሪቱን ያየ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ሎሬንሶ በ1931 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን በኩል በምስጢር ጎጃም ገቡ። በምዕራብ ጎጃም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቁ ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ የየራሳቸውን ጦር ይዘው ይዋጉ ነበር። ሎሬንሶ ያዩት አገር ሃሊፋክስ በጄኔቭ ከገለጹት አገር ፈጽሞ ይለያል። ኢጣሊያኖች በከተሞችና በምሽጎች ተወስነዋል፤ ከመንገዱ ወጣ ካሉ ገጠሩ የአርበኛው ነው። ገበሬው ቀን ያርሳል፣ ለአርበኛው ስንቅ ያቀብላል፣ ወሬ ያደርሳል፣ ጥሪ ሲመጣም ጠመንጃውን አንሥቶ ይሄዳል። በእኔ ግምት የሎሬንሶ ትልቁ ሥራ ንግግሩ ሳይሆን ይህ ምስክርነት ነው። በጄኔቭ የተሸነፈውን ክርክር ሌላ አንባቢ ዘንድ፣ ማለትም የጦር ዕቅድ በሚነድፉት ሰዎች ፊት፣ እንደገና ከፍቶታልና።

ኢጣሊያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ ወደ ሱዳን ተጓዙ፤ ሎሬንሶም አብረዋቸው ነበሩ። በነሐሴ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ ጎጃም ገብተው የሎሬንሶን ግምት የሚያጸና ሁኔታ አገኙ። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ቡሬን ይዞ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በቁጥር ከእንግሊዛዊው መኰንን ከዊንጌት ኃይል እጅግ ቢበልጥም በየካቲት መጨረሻ ምሽጉን ለቅቆ በማንኩሳና በደምበጫ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ከፊቱ ጥቂት መደበኛ ወታደር፣ ዙሪያውን ግን የማያምነው ሕዝብ ነበረ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ይህን ሁሉ ለሎሬንሶ ክብር የምንቆጥረውን ያህል ምስክርነቱ የተላከ ሰው ምስክርነት እንደነበረም ልናስተውል ይገባል። ሎሬንሶ ገለልተኛ አጥኚ አልነበሩም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል ነበሩ፣ የጎጃምን አለቆች ያነጋገሩትም በንጉሠ ነገሥቱ ስም ነው። ጄኔቭ ያቀረበችው ጥያቄ ኢጣሊያ አገሪቱን ይዛለች ወይስ አልያዘችም የሚል ስለነበር የእርሳቸውም መልስ በዚያው ዙሪያ ታጠረ። ጎጃም ግን የራሱ ጥያቄ ነበረው። አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ማእከላዊ መንግሥት ራሱን ያስተዳደረው አርበኛ ከድል በኋላ ምን ቦታ ያገኛል? ግብርና ሹመት በማን እጅ ይሆናል? መንገሻና ነጋሽ እንኳ እርስ በርስ ይፎካከሩ ስለነበር ሳንፎርድ በመስከረም 1933 ዓ.ም. ማስታረቅ ነበረባቸው። ለውጭው ዓለም አንድ ሆኖ መታየት የግድ በነበረበት ሰዓት ይህን ስንጥቅ በአደባባይ መግለጥ ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ይሆን ነበር። ስለዚህ በሎሬንሶ አልፈርድም። ዝምታው ያስከተለውን ዕዳ ግን ታሪክ ጸሐፊ ሊያልፈው አይችልም።

ሎሬንሶ ከነጻነት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ቀጥሎም በሞስኮ ኢትዮጵያን ወክለው ሠርተው በ1938 ዓ.ም. በስቶክሆልም ዐረፉ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጥር 1937 ዓ.ም.፣ በላይ ዘለቀ በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጥተው ነበር። ነጋሽ በዛብህም በ1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሢረዋል ተብለው ታሰሩ።