ከአፍ ከወጣ አፋፍ፦ የጦር ምሥጢር ከማይጨው እስከ ቦናያ

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለክፉ ቀን የሚሆኑ ሁለት አዳዲስ ነገሮችን አገኘ። አንደኛው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ነው፤ ሁለተኛው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤቱን ያደራጁት በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ራዲዮ ጣቢያውን የሠራው ማን ነው ቢባል ግን አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ! በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወልወል ላይ የሁለቱ አገሮች ጦር ተታኩሶ ደም ፈስሷል። እንዲህም ሆኖ የመንግሥታችንን አንደበትና ጆሮ የገጠመልን ሊወጋን የተነሣው አገር ኩባንያ ሆነ። ዛሬ ላይ ቆመን ብንስቅ ቀላል ነው። ሥራው የተጀመረው ግን የጦርነቱ ወሬ ሳይከር ስለሆነ የዚያን ጊዜዎቹን ሰዎች በዚህ ብቻ ሞኞች ናቸው ማለት አይገባም።

ደግሞም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የራዲዮው ብረትና ሽቦ አይደለም። የጦርን ምሥጢር በእጃቸው የያዙ ትልልቅ ሰዎች ምሥጢሩን ለማን፣ በየት በኩል፣ እንዴት ባለ አፍ ያወሩታል? ጥያቄው ይኸ ነው። ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሰማው ጉድ ነው።

በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ማይክ ዋልትዝ፣ ሲግናል በሚባለው የስልክ መልእክት መለዋወጫ አንድ ግሩፕ ከፈቱ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ፣ የስለላ ድርጅቱ ሹም ሁሉም ገቡበት። የሚመከረው በየመን ሁቲዎች ላይ ስለሚወርደው የአየር ድብደባ ነው። በስሕተት ደግሞ የዘ አትላንቲክ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ጄፍሪ ጎልድበርግ አብረው እንዲገቡ ተደረጉ። ማን ልብ ይበል! መጋቢት 6 ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ተዋጊ አውሮፕላኖቹ የሚነሡበትን ሰዓትና ቦምቡ የሚወድቅበትን ሰዓት፣ አውሮፕላኖቹ ገና ሳይነሡ ጻፉት። ጋዜጠኛው እንደ ማንኛውም የግሩፑ አባል አነበበ። ወር ብዙም ሳያልፍ ደግሞ ሌላ ወሬ ተከተለ። ሚኒስትሩ ይህንኑ የመሰለ ዝርዝር ሚስታቸው፣ ወንድማቸውና ጠበቃቸው ወደሚገኙበት ሌላ ግሩፕ መላካቸውን ኒው ዮርክ ታይምስ አወጣ። ሲግናል ጠላፊ የማይፈታው ብርቱ ቁልፍ አለው ይባላል። ይኑረው። እንግዳው ከውስጥ ተቀምጦ በር ቢቆለፍ ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ ሚኒስትር፣ ሚስትና የጦር ሰዓት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ የእኛን ታሪክ ያነበበ ሰው ሳይወድ በግድ ማይጨውን ያስታውሳል።

በ1928 ዓ.ም. በየካቲት ወር የሰሜኑ ጦራችን በአምባ አራዶም፣ በተምቤንና በሽሬ ተሰባብሮ ነበር። የቀረው ጃንሆይ ራሳቸው የሚመሩት ጦር ነው። እሱም በኮረምና በማይጨው መካከል ሰፍሯል። ከአዲስ አበባና ከጦር አለቆች ጋር የሚገናኙት በራዲዮ ቴሌግራም ነበር። ወራሪው ደግሞ ይህንኑ ቴሌግራም ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር። የኢጣልያ ወታደራዊ የስለላ ክፍል መልእክቶቹን ከአየር ላይ ይለቅማል፣ ምሥጢረ ጽሑፉን ይፈታል፣ አማርኛውን አስተርጉሞ ለማርሻል ባዶልዮ ያቀርባል። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ባዶልዮ ጦርነቱ እንዳበቃ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የጠለፋቸውን ቴሌግራሞች እየጠቀሰ ኮርቶበታል።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ጃንሆይ መጋቢት 18 ቀን ለእቴጌ መነን የላኩት ነው። ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ብንናገር፣ ወደ ፊት ገፍተን ጠላትን በምሽጉ ልንገጥመው ቆርጠናል፤ ይህንን ለጳጳሱ፣ ለሚኒስትሮቹና ለመኳንንቱ በምሥጢር አስታውቂ፤ ጸሎት ይያዝ የሚል ነው። በምሥጢር! ምሥጢሩ እቴጌይቱ ጆሮ ከመድረሱ በፊት በአየር ላይ ሲበር ኢጣልያኖች እጅ ወድቋል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ጭፍን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ጃንሆይ ወሬ አላወሩም፤ ጉራም አልነዙም። ጦር ሜዳ ያለ ንጉሥ ባለቤቱን ጸሎት አስይዢልኝ ማለቱ በእኛ አገር ወግ ነው፤ እቴጌይቱም ባዕድ አይደሉም። ከአሜሪካው ሚኒስትር ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ግፍ ይሆናል። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጸሎቱ እኮ ቀን መቁጠር አያስፈልገውም ነበር። የቤተ ክህነቱን፣ የቤተሰቡንና የጦሩን ነገር አንድ ቴሌግራም ላይ ጠቅልሎ መላክ ማንም ያልከለከለው የቤተ መንግሥት ልማድ ነበር። መንግሥት ቤት፣ ቤትም መንግሥት በሆነበት አገር የትኛው ቃል የጓዳ፣ የትኛው የጦር ሜዳ እንደሆነ የሚለይ ሰው አይገኝም። ቢገኝስ ማን ደፍሮ ይናገራል? የራዲዮ ሠራተኛው ጃንሆይ፣ ይኸኛው ባይላክ ሊል ነው?

ውጊያው የተደረገው ከአራት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጠላት እየጠበቀ ነበር፤ ጊዜ አግኝቶ ምሽጉን አጠንክሯል። የክብር ዘበኛ ያን ቀን ያደረገው ተጋድሎ የሚረሳ አይደለም፤ ቀኑ ሲመሽ ግን መስመሩ አልተሰበረም። ለማይጨው ሽንፈት ቴሌግራሙ ብቻ ምክንያት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ መርዝ ጋዝ ነበር፣ አውሮፕላን ነበር፣ መድፍ ነበር። ሆኖም መሣሪያ ያነሰው ወገን የቀረችው አንዲት ጥሪት ጠላት መቼና ከየት እንደሚመጣ አለማወቁ ናት። እስዋን ነው ያስረከብነው።

ይህ ጉዳት በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1914 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ፕሩሲያ የሩስያ ጄኔራሎች ሬነንካምፕፍና ሳምሶኖቭ የጦራቸውን እንቅስቃሴ ያለ ምንም ምሥጢረ ጽሑፍ በግልጽ ራዲዮ ይነጋገሩ ነበር። ጀርመኖች ሰሟቸው፤ የሳምሶኖቭን ጦር ታነንበርግ ላይ ከበው አለቁት፤ እሱም ራሱን ገደለ። ትልቅ መንግሥት መሆን ከዚህ አያድንም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ወለጋ እንምጣ፤ የሆለታው ትምህርት ቤት ነገርም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ባዶልዮ ሚያዝያ 27 ቀን ገባ። የአቃቂው ራዲዮም ሠሪው አገር እጅ ተመለሰ። መንግሥት የሚባለው ነገር በምዕራብ ጎሬ ላይ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እጅ ቀረ። በክፍሌ ናሲቡ መሪነት ጣርማበር ድረስ ዘምተው የነበሩት የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ። ነቀምቴ ላይ የተማሩ ወጣቶች ተቀላቀሏቸውና ጥቁር አንበሳ የተባለው ማኅበር ቆመ። ሊቀመንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር። የወለጋው ተወላጅ ይልማ ደሬሳ፣ ኮሎኔል በላይ ኃይለአብ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆችም ነበሩበት። ማኅበሩ 10 አንቀጽ ያለው ደንብ አወጣ። የፖለቲካው ሥልጣን ከወታደሩ በላይ እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ በወግ እንዲያዝ፣ ማንም ወደ ስደት እንዳይሄድ የሚያዝ ደንብ ነው። በዚያ መዓት መካከል ደንብ መጻፋቸው ራሱ ይገርማል።

በነቀምቴ ገዢው ደጃዝማች ሀብተማርያም ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለት የኩምሳ ሞረዳ ልጅ፣ ከኢጣልያኖች ጋር መስማማትን መርጠው ነበር። ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የነበራቸው ቅሬታ የረጅም ጊዜ ነውና ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ በሁለት መስመር ባንዳ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ብቻ ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ከነቀምቴ ብዙም በማይርቀው ቦናያ ሜዳ ላይ ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች አረፉ። ከደጃዝማቹ ጋር ሊገናኙ ነው። የመጡት ተራ ወታደሮች አይደሉም። የአየር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማልዮኮ፣ ኮሎኔል ማርዮ ካልዴሪኒ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከባለቅኔው ዳኑንዚዮ ጋር ቪየና ላይ ወረቀት የበተነው ዝነኛው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ፣ አገሩን የሚያውቁት ሚሲዮናዊ አባ ማርዮ ቦሬሎም አብረዋቸው ነበሩ።

እስቲ ልብ እንበል። የእኛን ቴሌግራም ሌት ተቀን ሲያዳምጥ የከረመ ሠራዊት፣ ይህን ያህል ሹም በሦስት አውሮፕላን አጭቆ፣ ሰማይ ለሰማይ እያጓራ፣ በክረምት መግቢያ በገላጣ ሜዳ ላይ ያወርዳል። ከዚያም እዚያው ያድራል! ወለጋን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። በዚህ አገር መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠያየቀው ኦዱ ነው፤ ኦዱ በኦሮምኛ ወሬ ማለት ነው። ወሬ አለመናገር ነውር ይቆጠራል። ከአርጆ የመጣ ነጋዴ የጊምቢውን ይሰማል፣ የጊምቢው የደምቢ ዶሎውን፤ አንድ የገበያ ቀን ካለፈ የማይታወቅ ነገር የለም። ሦስት አውሮፕላን ማረፉንማ ማን ይነግረኝ የሚል አለ?

የሆለታ ልጆች ግን ነገሩን በራዲዮ አልመከሩም። በአንድ ከተማ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሌሊት ተጉዘው ቦናያ ደረሱ። የፋሽስቱ መኮንኖች በአውሮፕላኖቻቸው አጠገብ ሳሉ ተኩስ ተከፈተ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ማልዮኮ፣ ካልዴሪኒና ሎካቴሊ እዚያው ወደቁ፤ የተረፉት አባ ቦሬሎ ናቸው። ባዶልዮ ከአቃቂ እስከ ኮረም ያለውን አየር ሁሉ ሲያጣራ ከርሟል፤ በዚያች ሌሊት ግን በአየር ላይ የሚለቀም ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ የመጡበትን ቦታና ሰዓት በሞተር ጩኸት አውጀው የመጡት ራሳቸው ነበሩ። ሰሚ ነኝ የሚል ሰው ሌላው እንደሚሰማው አይታየውም መሰለኝ።

ደስታው ረጅም አልነበረም። ራስ እምሩና ጥቁር አንበሶች በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከየካቲት 12ቱ ፍጅት በኋላ ክፍሌ ናሲቡ፣ በላይ ኃይለአብና የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ተገደሉ። ምሥጢር ጠባቂዎቹ ልጆች ነበሩ የሞቱት። በ2017 ዓ.ም. ምሥጢሩን የበተኑት አሜሪካዊው አማካሪ ደግሞ ከቦታቸው ሲነሡ በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው አምባሳደር እንዲሆኑ ታጩ። ዕድል አንድ ዓይነት አይደለም!

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እሱም የራሳችን የወለጋ ጉዳይ ነው። ስለ ጦር ምሥጢር ዝም በሉ የሚለው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዕዝ፣ ከተፈቀደለት አካል በቀር ማንም ሰው የጦር እንቅስቃሴንና የውጊያ ውጤትን በማናቸውም መገናኛ እንዳያሰራጭ ከልክሏል። በጦርነት ጊዜ ይህ በማንኛውም አገር ያለ ነው፤ አያስገርምም። ወለጋ ላይ ግን ከዚያ በፊት የባሰው ደርሷል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት በምዕራብ ኦሮሚያ ከታጣቂዎች ጋር ሲዋጋ፣ በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ጠፋ። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ስልክ መደወልና አጭር መልእክት መላክ የሚቻለው በትልልቅ ከተሞች ውስጥ ብቻ ነበር። ወሬ እንዳይወጣ ተብሎ የእናትና የልጅ ወሬ ሁሉ ታገደ ማለት ነው። ኦዱ ነውር በማይሆንበት አገር ሰው ስለ ወንድሙ ደኅንነት እንኳ የሚጠይቅበት አጣ። በመጋቢት መጀመሪያ የኮሮና በሽታ ኢትዮጵያ ገባ፤ እጃችሁን ታጠቡ የሚለው ማስታወቂያም በስልክ ሊደርሳቸው አልቻለም። ከደምቢ ዶሎ እስከ ነቀምቴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አገልግሎቱ መመለሱ የተሰማው መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ማይጨው ከሆነ ልክ በ84ኛው ዓመት።