ውል ሲሞት

አያቴ ካረፉ በኋላ የቆርቆሮ ሣጥናቸው ሲከፈት፣ ከግብር ደረሰኞች መካከል አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት ወጣች። በ1964 ዓ.ም. ከባለርስቱ ለዘር ሁለት ኩንታል ጤፍ መበደራቸውን ትናገራለች። ከግርጌዋ የሦስት እማኞች ስምና የአያቴ የጣት አሻራ አለ። የብድር ወረቀት የሚቀመጠው ግን በአበዳሪው ቤት ነው። ታዲያ በተበዳሪው ሣጥን ውስጥ ምን አመጣት?

በጥንቱ ልማዳችን ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይውሉ ነበር። ይህ ቁራኛ ይባላል። ዛሬ በሽተኛን «የአልጋ ቁራኛ» ስንል የዚያን ሰንሰለት ድምፅ እያሰማን ነው። ቋጠሮው የሚፈታው ዕዳው ሲከፈል ወይም ዋስ ሲገኝ ነበር።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመፍቻውን መንገድ አበዛው። ግዴታ እንደ ውሉ ሲፈጸም ይቀራል፤ ይህ የመጀመሪያውና ዋነኛው ነው። ውሉ ሲፈርስ ወይም ሲሰረዝ፣ ባለገንዘቡ ዕዳውን ሲምር፣ አሮጌው ግዴታ በአዲስ ሲተካ፣ ዕዳ በዕዳ ሲቻቻል፣ ባለዕዳነትና ባለገንዘብነት በአንድ ሰው ላይ ሲቀላቀሉም ይቀራል። በመጨረሻም ይርጋ አለ፤ መደበኛው ጊዜ 10 ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ባለዕዳው ራሱ ካልጠየቀ ዳኛው ይርጋን አያነሣለትም። ዝም ላለ ሕጉም ዝም ይላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ ዝርዝር ያልነበረ መንገድ መጣ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኛውን ከኪራይ ብቻ ሳይሆን ለባለመሬቱ ካለበት ዕዳና ግዴታ ሁሉ ነጻ አወጣው። እልፍ ውሎች በአንድ ቀን ሞቱ። የአያቴም ሁለት ኩንታል አብራ ሞተች።

የወረቀቷን ነገር አያቴን፣ ባለቤታቸውን፣ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ብለው፣ «በመኸሩ ሁለቱን ኩንታል በአህያ ጭነው ሄዱ። ጌትዮው ‹ዐዋጁን አልሰማህም?› ቢሏቸው፣ ‹መሬቱን ዐዋጁ ሰጠኝ፤ ጤፉን ግን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት› አሉ። ወረቀቷን ተቀብለው መጡ። ወንድማቸው ለዓመት ያህል ‹ሞኝ› እያለ ሲሰድባቸው ኖረ» አሉኝ።

እኔም በልቤ ከወንድምየው ጋር ወግኜ ነበር። በየዓመቱ ከአዝመራቸው ሲሶውን የሰጡ ሰው ምን ዕዳ አለባቸው? ይቻቻል ቢባል ተከፋዩ እሳቸው በሆኑ! ነገር ግን ሕጉ የሚያቻችለው መጠኑ የታወቀና የመክፈያው ጊዜ የደረሰ ዕዳን ነው፤ የዘመናት ድካም በቁና አይሰፈርም። አያቴም ያንን ሒሳብ ለዐዋጁ ትተው፣ በጣታቸው የፈረሙትን ብቻ ለራሳቸው ያዙ።

በሕግ ዐይን ዕዳው የቀረው በየካቲት ነው። በእሳቸው ዐይን ግን የቀረው በመኸር፣ ወረቀቷ እጃቸው የገባች ዕለት ነው።