የሞተር ሳይክል የኋላ ቸርኬ፦ ተተኪ አመራረጥ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው

የኋላ ቸርኬ የሞተር ሳይክሉን የኋላ ጎማ የሚሸከም፣ ከሞተሩ የመጣውን ጉልበት ወደ መሬት የሚያደርስና የኋላውን ፍሬን በመሀሉ የያዘ አካል ነው። ሙሉ ቸርኬ ሲባል መሀል ላይ ያለውን ሞዞ፣ ከሞዞው ተነሥተው ዙሪያውን የሚወጥሩትን ራጂዎችና ጎማው የሚቀመጥበትን ባዶ ቸርኬ አንድ ላይ ይጨምራል፤ አሎይ በሚባለው ዓይነት ሦስቱም ወጥ ሆነው የተቀረጹ ናቸው። ቸርኬ ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ከአገልግሎት ሲወጣ አብዛኛው ባለቤት የሚጠይቀው “የዚህ ሞተር ሙሉ ቸርኬ ይገኛል ወይ?” ብሎ ነው። ጥያቄው በብዛት ለሚነዱ ሞተሮች ይሠራል። ክሩዘር ለሚባለው፣ መቀመጫው ዝቅ ብሎ የኋላ ጎማው ለወፈረው ሞተር ግን፣ በተለይ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በራቀችው ደብረ ማርቆስ፣ አነሣሡ የተሳሳተ ነው። መቅደም ያለበት “ሞዞው ጤነኛ ነው ወይ?” የሚለው ነው። ሞዞው ከዳነ የቀረው ሁሉ በአገር ውስጥ ሊሟላ ይችላል፤ ሞዞው ከተጣለ ግን ገጣሚ ሙሉ ቸርኬ ማግኘት በአብዛኛው የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

ሙሉውን የመለወጥ ልማድ በከፊል የመጣው ከባጃጅ ይመስላል። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ከፊትም ከኋላም 4.00-8 የሚል ቁጥር ያለው ጎማ ይጠቀማል፤ አንድ ቅያሪ ይዞ ይዞራል፤ ከሦስቱ የትኛውም ቢተነፍስ ያው ቅያሪ ይገባለታል። ሹፌሩ ዳዶዎቹን ፈቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ቅለት የተገኘው ግን ሞዞው፣ ታምቡሩና ኩሽኔታው ተሽከርካሪው ላይ ስለሚቀሩ ነው፤ የሚወጣው በብሎን የተያዘው የቆርቆሮ ክብ ብቻ ነው። በሞተር ሳይክል ነገሩ ይገለበጣል። ዘንጉ ተስቦ ሲወጣ ሞዞው፣ ኩሽኔታዎቹና የፍሬኑ ታምቡር ከቸርኬው ጋር አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ የሞተር ሳይክል ሙሉ ቸርኬ የሚለውጥ ሰው ሳያስበው የፍሬኑን ግማሽና የጉልበት ማስተላለፊያውን ጫፍ ጭምር እየለወጠ ነው። ሞዞውን አስቀርቶ ባዶ ቸርኬውን ብቻ መለወጥ ማለት ባጃጅ በተፈጥሮው ያለውን ምቾት ለሞተር ሳይክሉ በእጅ ሥራ መስጠት ነው።

ስምና የጎማ ቁጥር ለመግጠም ዋስትና እንዳልሆኑ ከክሩዘሮቹ በላይ የሚያስረዳ የለም። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ ያቀረበው አቬንጀር፣ የሆንዳ ሬብል 250 እና የያማሃ ቪራጎ 250 ሦስቱም ከኋላ 130/90-15 ጎማ ያስራሉ፤ ሦስቱም በካቴና ይነዳሉ፤ የሦስቱም የኋላ ፍሬን የታምቡር ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ በላይ ተመሳሳይ ነገር አይገኝም። ነገር ግን የተመሳሰሉት በጎማው በኩል እንጂ በመሀሉ በኩል አይደለም፤ የዘንጉን ውፍረት፣ የሞዞውን ስፋትና ካቴናው የሚጠለፍበትን ጥርስ አቀማመጥ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ የኋላ ሹካ ነው የወሰነው። ስምም እንዲሁ ያታልላል። ቪራጎ 250 ካቴና ሲኖረው ቪራጎ 535 ግን ጉልበቱን በብረት ዘንግ ያስተላልፋል፤ የአንዱን የኋላ ቸርኬ ለሌላው ማሰብ ከንቱ ነው። የሆንዳ ሻዶው ቤተሰብም ሁለቱንም ዓይነት ይዟል፤ የሱዙኪ ሳቬጅ 650 እና ብዙዎቹ ሃርሊ ዴቪድሰኖች ደግሞ በጥርሳም ቀበቶ ይነዳሉ። “የሻዶው ቸርኬ አለ” የሚል መልስ የመጣለት ገዢ ገና ምንም አልሰማም ማለት ነው።

ታዲያ መግጠም በምን ይለካል? አንደኛው መለኪያ ዘንጉና ኩሽኔታው ናቸው። እዚህ ላይ ዓለም አቀፉ የኩሽኔታ ቁጥር ትልቅ ውለታ ይውላል። በኩሽኔታው ጎን የተቀረጸው 6202 ማለት ውስጡ 15፣ ውጭው 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6203 ደግሞ 17 በ40 በ12፣ 6302 ደግሞ 15 በ42 በ13። ቁጥሩ በየትኛውም አገር ቢሠራ አይለወጥም፤ ኩሽኔታ ሻጩ የሞተሩን ስም ሳይሰማ ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜም በዚህ ቁጥር የዘንግ ልዩነትን ማቻቻል ይቻላል፤ 6004 ልክ እንደ 6302 ውጭው 42 ሆኖ ውስጡ 20 ነው፤ ውፍረቱ ግን በአንድ ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ ስስ ሮንዴላ ይፈልጋል፤ ኳሶቹም ስለሚያንሱ የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። ከኩሽኔታው ይልቅ የሚረሳው በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የሚገባው ቱቦ ነው። ቱቦው ካጠረ ወይም ከጠፋ ዘንጉ ሲጠብቅ የኩሽኔታዎቹ የውስጥ ቀለበቶች ወደ ጎን ይገፋሉ፤ አዲስ ኩሽኔታ ብዙ ሳይቆይ ይበላል፤ ጥፋቱም ባልበደለው ኩሽኔታ ጥራት ላይ ይላከካል። ቀጥሎ የካቴናው መስመር አለ። የኋላው ጥርስ ከፊተኛው ጋር በአንድ ቀጥታ ላይ መዋል አለበት፤ የካቴናው ቁጥርም መስማማት አለበት። በትናንሽ ሞተሮች የተለመደው 428 ከአንድ ማያያዣ ወደ ሌላው 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን 520፣ 525ና 530 ግን 15.875 ናቸው፤ የአንዱ ጥርስ ለሌላው አይሆንም። ከሁሉ የሚያሳስበው የፍሬኑ ክዳን መያዣ ነው። የፍሬን ሸራዎቹን የያዘው ክዳን ከሹካው ጋር በብረት ክንድ ወይም በጉጥ ካልታሰረ፣ ፍሬን ሲያዝ ክዳኑ አብሮ ዞሮ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። ከሌላ ሞተር የመጣ ቸርኬ ሹካው ውስጥ በደንብ ገብቶ፣ ካቴናውም ቀጥ ብሎ፣ በዚህች አንዲት ነጥብ ብቻ ሰው ሊገድል ይችላል።

ሞዞውን ማስቀረት እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘጋቸዋል፤ ዘንጉም፣ ኩሽኔታውም፣ ጥርሱም፣ ታምቡሩም፣ የክዳኑ መያዣም የራሱ የሞተሩ ናቸውና። የሚቀሩት ጥያቄዎች ጥቂትና በሜትር የሚመለሱ ናቸው። ባዶ ቸርኬው የቀዳዳ ቁጥሩ ከሞዞው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በብዛት 36 ነው፤ 40 ያላቸው ክሩዘሮችም አሉ። የቀዳዳዎቹ ዝንባሌ ራጂዎቹ ከሚመጡበት አቅጣጫ ጋር ካልተስማማ ራጂው አንገቱ ላይ ይታጠፍና ከዚያው ይቆረጣል። የራጂው ውፍረትና ርዝመትም እንዲሁ። ከተወጠረ በኋላ ቸርኬው ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ውልግድና በብዙ ፋብሪካዎች የጥገና መጽሐፍ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ይህ ደግሞ ሹካው ላይ በታሰረ ሽቦ ጫፍ የሚታይ ነው። “ይህን የሚችል ባለሙያ የት አለ?” የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ራጂ መወጠር የብስክሌት ጠጋኝ የየዕለት ሥራ ነው። በብስክሌተኞቿ የምትታወቀው ባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ በአስፋልት የምትደረስ ናት፤ የሞተሩ ራጂ ይወፍራል እንጂ ሙያው ያው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ክብደት አለው። 15 ኢንች ባዶ ቸርኬ ራሱ ከየት ይመጣል? ደጋውን የሚያዳርሱት ሞተሮች በአብዛኛው 17ና 18 ኢንች ናቸው፤ ባጃጅ ቦክሰር ከኋላ 17፣ የገጠር ሥራ ሞተር የሆነው ያማሃ ዲቲ 125 ከኋላ 18። መልሱ ሞዞው በእጅ እስካለ ድረስ መጠኑን መለወጥ ይቻላል የሚል ነው፤ ከ15 ወደ 17 ሲኬድ ራጂው በ25 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ነገር ግን ሒሳቡ ሳይሠራ መሆን የለበትም። 130/90-15 ጎማ ወርዱ 130 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ የዚያ 90 በመቶ ማለትም 117 ነው፤ 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር 615 ይመጣል። የቦክሰሩ 3.00-17 ወደ 584 ያህል ነው። የ5 በመቶ ልዩነት ማለት ነው፤ የሞተሩ ጀርባ በ15 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድም ያጥራል። 110/80-17 ግን 608 ስለሆነ በቁመት ከዋናው ጋር ይቀራረባል። ያም ሆኖ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የክብደት ቁጥር ሌላ ነገር ይናገራል። ለ130/90-15 የተለመደው 66 ማለት 300 ኪሎ፣ ለ110/80-17 የተለመደው 57 ማለት 230 ኪሎ፣ 50 የተጻፈበት 3.00-17 ደግሞ 190 ኪሎ ነው። የኋላ ጎማው ከጠቅላላው ክብደት ድርሻውን ብቻ ስለሚሸከም፣ ወደ 150 ኪሎ የሚመዝን ክሩዘር ሁለት ሰው ይዞ በ230ው ሊኖር ይችላል። ከኋላ ኩንታል ጤፍ ሲታከልበት ግን ሒሳቡ ይጠባል፤ 190ው ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም። በገበያ ቀን ከሉማሜ ወይም ከአማኑኤል በኩል ተጭኖ የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ሳያይ ጎማ አይገዛም። የ15 እና የ16 ኢንች ክሩዘር ላይ የመኪና ጎማ ማስገባትም ተሞክሮ ያውቃል፤ የሞተር ጎማ ላይ “ኤም/ሲ” የሚል ምልክት የሚታተመው ግን የጎማውና የቸርኬው ከንፈር ቅርጽ ከመኪናው ስለሚለይ ነውና አይመከርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቶርኖ ቤቶች ነው፤ “ቡሽ ጠርበን፣ ሮንዴላ ጨምረን የማንንም ቸርኬ እናስገባለን” ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። በዘንጉ ላይ ሳይዞር የሚቀመጥ ማቻቻያ በጥንቃቄ ከተጠረበ ችግር የለበትም። ሞዞውን መላጨት፣ የጥርሱን መቀመጫ በአዲስ ቀዳዳ መበሳሳት ወይም የክዳኑን መያዣ በብየዳ መቀጠል ግን ሌላ ነው። የዚህን ልዩነት የአባይ በረሃ መንገድ በደንብ ያሳየዋል። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በማርሽ ያልያዘ ሁሉ ፍሬን ላይ ይተኛል። በታምቡሩ የተጠራቀመው ሙቀት ወደ ሞዞው ይሄዳል፤ የኩሽኔታውን ግራሶ ያቀጥናል። ከትንሽ ሞተር የመጣ፣ ለክሩዘሩ ክብደት ያልታሰበ ጠባብ ታምቡር እዚህ ቁልቁለት ላይ መያዝ ይሳነዋል። በከተማው ኮብልስቶን ላይ ደኅና የሰነበተ ሥራ ለዚህ መንገድ ማረጋገጫ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የማይመለከታቸው ሞተሮች አሉ። ለቦክሰርና ለመሰሎቹ ሙሉ ቸርኬው በቀላሉ ስለሚገኝ ሞዞ ለማዳን መድከም ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። አሎይ ቸርኬም ራጂ ስለሌለው በከፊል አይለወጥም፤ የተሰነጠቀ አሎይ በብየዳ ከተያዘ በኋላ ጥንካሬው የማይታመን ስለሆነ ከዚያው ሞዴልና ዓመት ሌላ ሙሉ ቸርኬ ከመፈለግ ውጭ መንገድ የለም፤ ክሩዘር የሚገዛ ሰው በዚህ ምክንያት ባለ ራጂውን ቢመርጥ ያዋጣዋል። ሞተራቸው በኋላው ሞዞ ውስጥ የተቀበረ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ክርክሩን ያጠነክሩታል፤ በእነርሱ ሞዞውን መጣል ሞተሩን ራሱን መጣል ነው።

በቁጥር የሚታዘዝ የፋብሪካ ዕቃ ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል፤ ለአሮጌ ክሩዘር ግን በአዲስ አበባም ቢሆን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የሚገኘው በአብዛኛው ከሌላ የተፈታ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደዚያ ሰው የሚልክ ባለቤት ከሞተሩ ስም ጋር የባዶ ቸርኬውን ወርድና ኢንች፣ የቀዳዳውን ቁጥር፣ የራጂውን ርዝመትና ውፍረት ጽፎ ይላክ፤ ቢቻል አንድ ደኅና ራጂ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ አብሮ ይስጥ፤ የሁለቱ ጎን ርዝመት የሚለያይበት ሞዞ አለና። አሮጌዎቹ ራጂዎች ከመፈታታቸው በፊት ደግሞ ባዶ ቸርኬው ከሞዞው ዳር ምን ያህል እንደራቀ በግራም በቀኝም ይለካ፤ የኋላ ቸርኬ በጥርሱ ምክንያት ብዙ ጊዜ መሀል ለመሀል አይቀመጥም፤ ከተፈታ በኋላም ያንን ርቀት ከአሮጌው ቸርኬ ላይ መለካት አይቻልም።