ዝናብን መቍጠርና ለተራበ ቀድሞ መድረስ

የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከጋይንትና ከእስቴ በላይ ቆሟል። ከምዕራብ ወገኑ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ፤ የምሥራቁ ወገን ግን ወደ በሽሎ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ በታች ጋይንትና በስማዳ ቆላ ክረምቱ ዘግይቶ የገባ ወይም ፈጥኖ የወጣ እንደ ሆነ እህሉ ፍሬ ሳይይዝ ይደርቃል።

የቀደሙት አባቶች የዘመኑን ጠባይ የሚያውቁት በደመናው፥ በነፋሱና በምንጩ ማነስ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በወረደው ክፉ ቀን በመጀመሪያ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ ኋላም ዝናብ ቀረ፥ አንበጣም መጣ። በሬ የሌለው ገበሬ ምድሩን ሳያርስ ቀረ። በዚያ ጊዜ ግን ዝናቡን የሚለካ፥ የሞተውንም የሚቈጥር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም።

መንግሥት ይህን ሥራ የያዘው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። የወሎ ረኃብ በተገለጠ ጊዜ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ የዝናቡን፥ የአዝመራውንና የገበያውን ሁኔታ እየተከታተለ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍል አበጀ። በ1973 ዓ.ም. የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። በዚያው ዘመን በወሎ በማይባር፥ በሸዋ በአንዲት ጥድ፥ በጎጃም በአንጀኒ ጎርፍ የሚወስደው አፈር ይለካ ጀመር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 የወጣ ጥናትም ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገመተ።

ነገር ግን ማወቅ ብቻውን አላዳነም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ረኃብ መቅረቡን ለዓለም መንግሥታት አስታውቆ እህል ለመነ። የውጭ መንግሥታት ዘገዩ፤ የአገሩም መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለሚከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ይሰናዳ ነበር። በዚህ መካከል በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። መዝገቡ ተጽፎ ነበር፤ እህሉ ግን በጊዜው አልደረሰም።

በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲ ኔት ሥራ ሲጀመር ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ገቡበት። ችግሩ በየዓመቱ የሚመላለስ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ረኃብ እስኪጸና ሳይጠበቅ፥ መሥራት የሚችለው ገበሬ እርከን እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ እንዲቀበል፥ አቅም የሌለው ደግሞ እንዲሁ እንዲረዳ ተደረገ። እርከኑም ጎርፉን ገትቶ አፈሩን ያስቀራል ተብሎ ነው።

ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም በመፍታቱ ብቻ ግብፅ አልዳነችም፤ በጥጋቡ 7 ዓመት እህሉን በጎተራ አከማችቶ በረኃቡ ዘመን ጎተራውን ስለ ከፈተ እንጂ። እንዲሁም የዝናብ መዝገብ ለጋይንትና ለስማዳ ገበሬ የሚጠቅመው፥ መዝገቡን ያነበበ ባለ ሥልጣን ገበሬው በሬውን ሸጦ ከቤቱ ሳይሰደድ የደረሰለት እንደ ሆነ ነው።