ወሬና ባለቤቱ፤ ከሂርማታ ገበያ እስከ ኢንተርኔት

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል የአገራችን ሰው። አባቶቻችን ይህን ሲሉ ወሬን መናቃቸው አልነበረም፤ መላ ያልተጨመረበት ወሬ ቤት እንደሚያፈርስ ስላወቁ ነው እንጂ። በአሁኑ ዘመን ኢንተርኔት የሚባለው ጥበብ ፖለቲካን፣ የቤትን ገመናና የሰውን መዝናኛ እንዴት አድርጎ እንደ ለወጠ ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ትናንት ከሰማይ እንደ ወረደ ተደርጎ ይታያል። እኔ የቡና አገር ተወላጅ፣ በሥራዬም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደ መሆኔ መጠን፣ የወሬን መንገድ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ከቀድሞው ዘመን አንሥቼ ለመከተል አሰብሁ። አንባቢም በየደረጃው አንድ ጥያቄ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ይኸውም «ይህን ቃል የተናገረው ማን ነው?» የሚለው ነው።

በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ጅማን ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም በሚታይበት በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር። ከኮረብታው በታች የሂርማታ ገበያ ይቆም ነበር፤ የዛሬዪቱ ጅማ ከተማም ያደገችው በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው። ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎማና ከጌራ የሚመጣው ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን፣ በዚያ ዘመን ክፉ ልማድም የሰውን ልጅ ሳይቀር ለገበያ ያቀርብ ነበር። ወደ አገሩ የሚገባ መንገደኛ በኬላ ያልፋል፤ የኬላው ጠባቂም ማን እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ ሳይጠይቅ አይለቀውም። ወሬ በዚያ ጊዜ ብቻዋን አትጓዝም ነበርና የምታልፈው ከተናጋሪው ጋር ነው። በሂርማታ ቆሞ «በጎማ እንዲህ ሆነ» ብሎ ያወራ ነጋዴ በሚቀጥለው ገበያ እዚያው ቦታ ተመልሶ ስለሚቆም፣ ዋሽቶ ከተገኘ ደንበኛውን ያጣል። እንግዲህ ገበያው ራሱ የወሬው ዳኛ ነበር ማለት ይቻላል።

ከገበያ የመጣው ወሬ ወደ ቤት የሚገባው በቡና ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ ይቀመጣል፤ ከአቦል እስከ ቶና፣ ከቶና እስከ በረካ ባለው ጊዜ የአገሩ ጉዳይ ሁሉ ይነሣል። የቡናው ሸንጎ ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። የተናገረው ሰው ፊቱ ይታያል፤ የሰሙትም ሰዎች ይታወቃሉ፤ ነገሩ ቢከፋ «እኔ አላልሁም» ማለት አይቻልም። ገመና ሲነሣ ደግሞ ልጅ ይወጣል። በልጅነቴ እናቴ ጨው በቤት እያለ «ሂድና ጨው አምጣ» ትለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ የጎረቤቷን ኀዘን ከእኔ ጆሮ መሸሸጓ ነበር። በቡና ላይ ሐሜት አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ነገር ግን ሐሜቱ ወሰን ነበረው፤ ወሰኑም የሰፈሩ አጥር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሽቦው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ስልክ፣ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ እየተስፋፋ ሄደ። በቡና ከተሞች ግን ስልክ በእጁ የነበረው ነጋዴው እንጂ ገበሬው አልነበረም። የአዲስ አበባን ዋጋ አቅራቢው በስልክ ያውቃል፤ ሰብሳቢው ከአቅራቢው ይሰማል፤ ቡናውን በጀርባው ተሸክሞ የሚመጣው ገበሬ ግን የተነገረውን ከመቀበል በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ዋጋ ማለትም ወሬ ነው፤ ወሬውን አስቀድሞ የሰማ ወገን ያልሰማውን ይገዛዋል። ስለዚህ የቀድሞው ዘመን የፍትሕ ዘመን ነበር ብሎ የሚያመሰግን ሰው ቢኖር፣ በሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ያላየ ሰው ነው።

ይህን ያሻሻለው አዲሱ ጥበብ ራሱ ነው። በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ወደ ግብይቱ ካስገባ በኋላ የዕለቱን ዋጋ በየገበያው ከተማ በኤሌክትሪክ ሰሌዳና በእጅ ስልክ ማሳወቅ ያዘ፤ በጅማም የቡና መረከቢያ መጋዘን ተከፈተ። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ሐጂ «ከዚህ በኋላ ገበሬው ስልኩን አውጥቶ ያሳየኛል፤ መዋሸት አልተቻለም» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ዋጋው በሽቦ መጣ እንጂ ባለቤት አላጣም። ተናጋሪው የታወቀ ተቋም ነበር፤ ቢሳሳት የሚጠየቅ ነበር።

እንዲሁም ክፉ ወሬ ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአሰንዳቦ፣ በየካቲት 2003 ዓ.ም. በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ነውር ተፈጸመ የሚል ወሬ ተነሣ። በተከታዮቹ ቀናት በከተማዋና በአካባቢዋ ብዙ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተሰደዱ። ያን ጊዜ በገጠሩ ኢንተርኔት ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በቡና ላይ ለብዙ ዘመን አብሮ የተቀመጠ ጎረቤት በአፍ ወሬ ተለያየ። ለምን ቢባል፣ ወሬው ከሰፈሩ አጥር በወጣ ጊዜ «ማን አየ? ማን ተናገረ?» ብሎ የጠየቀ ስላልበረከተ ነው። እሳቱ ከጥንትም ነበረ፤ በኋላ የመጣው ነፋሱ ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ከዋና ከተማው ብዙም ሳይርቅ ቆይቷል። በጅማ በመጀመሪያ የተዋወቅነው በደቂቃ እየተከፈለበት በኢንተርኔት ካፌ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ስልክ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ሰቃ ደረሰ። ከእርሱም ጋር አዲስ ዓይነት ኬላ መጣ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ተዘግቶ መቆየቱ ይታወሳል። የአባ ጅፋር ኬላ ሰውን እያንዳንዱን ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ ኬላ ግን ሳይጠይቅ ሁሉን በአንድነት ዘጋ።

ለመምህራንና ለተማሪዎች የማይረሳው የግንቦት 2008 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ሰነበቱ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የተቃውሞው ደጋፊዎች ፈተናው እንዲራዘም ሲጠይቁ ቆዩ። ከዚያም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ጥያቄዎች በፌስቡክ ወጡ፤ ፈተናውም በዚያው ሰሞን ተሰረዘ። ታናሽ እኅቴ በዚያ ዓመት ተፈታኝ ነበረች። ሌሊቱን ያጠናችው ልጅ በማለዳ ደብተሯን ዘግታ፣ ስትናደድም ሳትናደድም፣ ዝም ብላ መቀመጧን አስታውሳለሁ። «እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚለውን ጥያቄዋን የሚመልስላት አልነበረም፤ ወረቀቱን አሾልኮ ያወጣው እጅ ፊቱ አይታይምና። በሐምሌ ወር ፈተናው ሲሰጥ ደግሞ ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ። ሁለቱም ወገን ለተማሪው አሰብሁ አለ፤ ተማሪውን የጠየቀው ግን አልነበረም።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ከአጋሮ አጠገብ የበሻሻ ተወላጅ ናቸው፤ አስቀድሞም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲን ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ብዙ ሰውም ተደሰተ። ነገር ግን በሰኔ 2011 ዓ.ም. በፈተና ጊዜ መስመሩ እንደ ገና ተቋረጠ። ኬላው ተነሣ ሲባል ተመልሶ መቆሙ፣ የነገሩ ሥር ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ መንግሥት ጠባይ በላይ የጠለቀ መሆኑን ያስረዳል።

መዝናኛውም ከፖለቲካው ተለይቶ አልቀረም። በእኛ ከተማ ዘፈን ቀድሞ በካሴት ይሸጥ ነበር፤ ቀጥሎ በሜሞሪ ካርድ መጫን መጣ፤ በመጨረሻ ዩቲዩብ ሁሉን ጠቀለለ። የሃጫሉ ሁንዴሳ ዘፈኖች በጅማ ጫት ቤቶችና በቡና መፈልፈያዎች የተሰሙት በዚህ መንገድ ነው። ይኸው ድምፃዊ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የሰጠው ቃለ መጠይቅ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጨ፤ ቁጣና ዛቻም አስነሣ። ሰኔ 22 ቀን ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በተከተለው ሁከት ከ160 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ኢንተርኔትም ሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ተዘጋ። በዚያ ሰሞን ሐጂ የቡና ዋጋ ለማወቅ መንገዱ ሲከፈት ልጃቸውን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ላኩ። ከሂርማታ ዘመን ወዲህ የተገኘው ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ኋላ ተመለሰ። ሐሰቱን ለማስቆም የተዘጋው መስመር እውነቱንም አብሮ አስቁሞአልና።

ስለ ገመና ደግሞ ከጅማ ወጣ ብዬ የአንድ መምህር ነገር ላንሣ፤ የሁላችንንም ቤት የሚነካ ነውና። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ በጦርነቱ ጊዜ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሚኖሩበት አካባቢ ጋር በፌስቡክ ወጣ፤ ወንጀለኛም ተብለው ተከሰሱበት። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ላይ ክስ አቀረቡ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። እናቴ የጎረቤቷን ኀዘን ከልጇ ጆሮ ትሸሽግ ነበር፤ አሁን ግን የሰው ደጅ ለማያውቁት ሺህ ሰዎች ይጠቆማል። ለዚያ ቃል ተጠያቂ ለማግኘትም ከባሕር ዳር እስከ ናይሮቢ መሄድ ግድ ሆነ።

ሕግ አልወጣም አይባልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ የተሠራውንም ጥፋት ከፍ ባለ ቅጣት ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃን ይጠብቃል። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ የሰሚው መላ ግን አስቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

በመዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲመጣ አስቀድመን የምናየው ያማረ ቃሉን አይደለም፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ፊርማውንና ማኅተሙን ነው። እነዚህ የሌሉበት ወረቀት እውነት የያዘ እንኳ ቢሆን ወደ ፋይል አይገባም፤ የሚጠየቅበት ሰው የለምና። ይህ ሥርዐት ደብዳቤ ከመጻፍ ማንንም አልከለከለም፤ ለጻፈው ቃል ባለቤት እንዲሆን ብቻ አስገደደው። በስልካችን የሚመጣልንን ወሬ ለሌላው ከማሳለፋችን በፊት በዚሁ መንገድ ብንመረምረው፣ ባለቤት ያጣውንም እዚያው ብናስቀረው፣ ሁሉን የሚዘጋው ኬላ የሚጠራበት ምክንያት ባነሰ ነበር። መንግሥትም በበኩሉ መስመሩን ሲዘጋ ማን እንደ ዘጋው፣ ስለ ምን እንደ ዘጋውና እስከ መቼ እንደ ዘጋው በፊርማው ቢያስታውቅ፣ የራሱ ቃል ባለቤት ይኖረዋል።

መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን አንድ ጥያቄ ከፊደል ጋር አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነው። ተማሪው የስልኩን መስተዋት በነካ ቁጥር «ይህን የተናገረው ማን ነው? ስለ ቃሉስ ይጠየቅበታልን?» ብሎ ይመርምር። አያቶቻችን በሂርማታ ገበያ፣ እናቶቻችንም በቡናው ዙሪያ ይህንኑ ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው በተረሳበት ቀን በአሰንዳቦ የሆነውን አይተናል።