ማቅለሚያው ድስት የለየው እንጉዳይ

በስዊድን የፓይንና የስፕሩስ ደኖች የሚበቅል አንድ እንጉዳይ አለ፤ ላዩን ቡናማ ቅርፊት ተደራርቦበታል፣ ከባርኔጣው ሥር ደግሞ ጥርስ የመሰሉ ጥቃቅን እሾሆች ተንጠልጥለዋል። የተፈጥሮ ሊቁ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ስም አወጣለት። በዚያው ክፍለ ዘመን የእንጉዳይ አጥኚው ሼፈር ተመሳሳዩን በሌላ ስም ቢመዘግብም፣ ኋላ የመጡ ብዙ ሊቃውንት ሁለቱን እንደ አንድ ቆጠሯቸው። መጠራጠር ያስፈለገው፣ በእኔ እምነት፣ በሱፍ ቀላሚዎች ምክንያት ነው። ከፓይን ሥር የተለቀመው ሱፉን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ሲለውጠው፣ ከስፕሩስ ሥር የመጣው ግን ያን ቀለም አልሰጥ አለ።

ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም የሚል ሙግት ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው፤ የእንጉዳዩ ዕድሜም የውሃው አሲድነትም ውጤቱን ይለውጣሉ። ሆኖም እነዚህ ምክንያቶች ልዩነቱ ዛፉን እየተከተለ ለምን እንደሚደጋገም አያስረዱም። ጥበቡ ጥንታዊ ነው ማለቴም አይደለም፤ በእንጉዳይ ማቅለም የተስፋፋው የካሊፎርኒያዋ ሚርያም ራይስ በ1974 መጽሐፏን ካሳተመች ወዲህ ነው። ያም ሆኖ ይህ አጭር ልምድ ተመራማሪዎችን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ አደረሰ፤ በ1999 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አረጋገጠ፤ አንዱ የስፕሩስ፣ ሌላው የፓይን ሥር ወዳጅ።